ጥያቄና መልስ፦ ኑሮው፣ ወለዱና የኛ ብር

እንደምን አመሻችሁ ያገሬ ልጆች። ባንክ ቤት ብድር ክፍል 26 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ደብረ ብርሃን ጋቢዬን ደርቤ ቁጭ ብያለሁ። ስለ ኑሮ ውድነቱና ስለ ወለድ በውስጥ መስመር ከምትጽፉልኝ፣ ሁላችሁም እዚሁ ጠይቁ። ዶላር ነገ ስንት ይገባል ለሚለኝ ግን መልስ የለኝም። ያንን ባውቅ ጡረታ አልጠብቅም ነበር።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ፣ ዜናው ግሽበት ወረደ ይላል። ገበያ ስወጣ የወረደ ነገር አላየሁም። ማን ነው የሚዋሸው?

መልስ፦ ማንም ላይዋሽ ይችላል። ግሽበት ማለት ዋጋው የሚጨምርበት ፍጥነት ነው፣ ዋጋው ራሱ አይደለም። አንድ ኪሎ በርበሬ ካቻምና 100 ብር ነበር እንበል። አምና 130 ገባ፤ ግሽበቱ 30 በመቶ። ዘንድሮ 143 ሆነ፤ ግሽበቱ 10 በመቶ። ዜናው «ከ30 ወደ 10 ወረደ» ይላል። አንተ ግን 13 ብር ጨምረህ ነው የገዛኸው። ጣርማበርን የሚወጣ አይሱዙ ዳገቱ ላይ ቀስ ይላል እንጂ ወደ ሮቢት አይመለስም። በግንቦት 2014 ዓመታዊው ግሽበት ከ37 በመቶ በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ ቀንሷል፤ የዚያን ጊዜ ዋጋ ግን አትጠብቅ።

ከመሃል ሜዳ፦ ኢኮኖሚው እየወደቀ ነው ወይስ አይደለም?

መልስ፦ ምኑ? ምርቱ፣ ሥራው ወይስ ኪስህ? በመንግሥት አኃዝ ምርት እያደገ ነው። በእርግጥ የቀነሰበትን ዓመት ከፈለግህ 1995ን ውሰድ፤ በድርቁ 2 በመቶ ገደማ አሽቆልቁሏል። ኪስ ሌላ ነው። ደመወዝህ 10 በመቶ ጨምሮ ዋጋው 20 ከጨመረ፣ አገር አደገ አላደገ አንተ ደኽይተሃል።

ከጫጫ፦ 10,000 ብር አለኝ። ባንክ ላስቀምጠው?

መልስ፦ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል። በ7 በመቶ ብርሽ በዓመቱ 10,700 ይሆናል። በዚያው ዓመት ዋጋ በ15 በመቶ ከጨመረ፣ ዛሬ በ10,000 የምትገዢው ዕቃ 11,500 ይሆናል። 800 ብር ጎደለሽ ማለት ነው። ቢሆንም ለክፉ ቀን የሚሆነውን ባንክ ውስጥ ተይው። ፍራሽ ሥር ሙሉ 1,500ው ነው የሚጎድልሽ።

ከመንዝ፦ በግ ትግዛ! በግ ይወልዳል፣ ባንክ አይወልድም።

ከምንጃር፦ በግ ይሞታል ወንድሜ። ጤፍ ገዝታ ታስቀምጥ።

ከመንዝ፦ ጤፉንስ አይጥ አይበላውም?

ከእነዋሪ፦ የጅሩ ሰንጋ እያለ ምን በግና ጤፍ ያጨቃጭቃችኋል!

መልስ፦ ሰንጋ በ10,000? ቀንዱን ነው? ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።

ከአረርቲ፦ ዋጋ የሚያንረው ደላላው ነው። ደላላው ቢታሰር ያልቅ ነበር።

ከሸዋ ሮቢት፦ እኔ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ። መንገድ ሲዘጋ ሽንኩርቱ መኪና ላይ ሲበሰብስ ኪሳራውን ደላላው ነው የሚችልልኝ?

ከአረርቲ፦ ኪሳራውንማ እኛ ላይ ነው የምትጭኑት።

መልስ፦ ደላላ ዱሮም ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መለዋወጫ በዶላር ነው የሚገባው። ሽንኩርት የሚያመላልሰው መኪና ጎማውም ነዳጁም ከዚያ ነው። ደላላውን ማሰር ጎማ አያረክስም።

ከደብረ ሲና፦ ብሔራዊ ባንክ ወለድ 15 በመቶ ነው ብሏል። እኔን 18 ጠየቁኝ። ሕገ ወጥ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። 15ቱ በሐምሌ 2016 የተጀመረ የፖሊሲ ወለድ ነው፤ በብሔራዊ ባንክና በባንኮች መካከል ነው የሚሠራው። ላንተ የሚነገርህ ዋጋ አይደለም። ይልቅ መጠየቅ የነበረብህን አልጠየቅህም። 18ቱ *በምን ላይ* ነው የሚታሰበው?

ስንት ዓመት ስጮኽበት የኖርኩት ነገር ይኼ ነው። 60,000 ብር ለአንድ ዓመት በ18 በመቶ ተበደርክ እንበል። በየወሩ ከዋናው 5,000 ትከፍላለህ። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ የመጀመሪያው ወር 900 ብር ነው፣ ቀጥሎ 825፣ እያለ የመጨረሻው ወር 75 ብር ይሆናል። ድምሩ 5,850። «ፍላት» የሚሉት ላይ ግን እስከ መጨረሻው ወር በ60,000ው ላይ ነው የሚያስቡብህ። 10,800 ብር! የመጨረሻው ወር ላይ እጅህ ላይ የቀረው 5,000 ብር ብቻ ነው፤ ወለዱን ግን የ60,000 ትከፍላለህ። ይኼ የፍላት 18 በቀሪ ዕዳ ቢሰላ ከ31 በመቶ በላይ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 18 ነው።

አንዲት አረቄ የምታወጣ እናት ውሏን በፌስታል ጠቅልላ ይዛልኝ መጥታ ነበር። ያበደራት ድርጅት ስሙ ይቅር። ከሌላ ቦታ ርካሽ ነው ብላ ነው የወሰደችው፤ እዚያ 20፣ እዚህ 17። ሃያው በቀሪ ዕዳ ነበር፣ አሥራ ሰባቱ ፍላት። ሳሰላላት ዝም ብላ ፌስታሉን መልሳ አጣጠፈችው። ስለዚህ በምን ላይ እንደሚታሰብ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ከአንኮበር፦ ባንኩ ቢከስርስ?

መልስ፦ የተቀማጭ ገንዘብ መድን አለ፤ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር።

ከዓለም ከተማ፦ ባንክ ብድር የለም አለኝ። ጉቦ ፈልጎ ነው?

መልስ፦ የሰውን ልብ አላውቅም። ግን ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ ለብድር ዕድገት ጣሪያ አበጅቶ ነበር፤ መጀመሪያ 14 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 18 አደረገው። እንዲህ ያለ ጣሪያ የሞላበት ባንክ ቢፈልግም አይሰጥህም። በንዴት ወደ ፍላት እንዳትሮጥ።

ከሞላሌ፦ ግሽበት ወረደ ይላሉ፣ ዋጋ ግን…

መልስ፦ ከላይ። የበርበሬውን አንብቢ።

ከጫጫ፦ ዕቁብስ? ወለድ የለውም አይደል?

መልስ፦ ዕጣው ቀድሞ ከወጣልሽ ያለ ወለድ ብድር ነው። መጨረሻ ከወጣልሽ ያለ ወለድ ቁጠባ ነው፣ ግሽበቱ ይበላዋል። ዕጣ የሚሸጠው ሰው ሞኝ አይደለም።

ከመንዝ፦ በግ ብያለሁ።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ ውሌን አወጣሁት። «በመነሻው ብድር ላይ» ይላል። ፍላት ነው?

መልስ፦ ፍላት ነው። ፈርመሃል?

ከደብረ ሲና፦ ትናንት።

መልስ፦ ብሩን ወስደሃል?

ከደብረ ሲና፦ ገና። ሰኞ ና ብለውኛል።

መልስ፦ እንግዲያው ሰኞ ሳትሄድ ነገ ጠዋት ይዘኸው እኔ ዘንድ ና። ፎቶ አንስተህ አትላክልኝ፤ ዓይኔ አያይም።