ነጩ ጨርቅ ወደ ቀኝ እየጠቆረ የሚሄደው ለምንድን ነው?

ከኮምቦልቻ የጻፉልኝ አንባቢ፣ በነጠላና በጋቢ ላይ የተበጠሰ ክርና የሳሳ ቦታ የሚለይ ካሜራ ደሴ ላይ ገጣጥመው ወደ ሥራ ቦታቸው አውርደዋል። ሴንሰሩ ጨርቁን መስመር በመስመር የሚያነበው ባለ 3648 ፒክስሉ የቶሺባ ቲሲዲ1304 ነው። ምልክቱ በ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅም ዕቃ) አልፎ፣ ሁለት ባለ 100 ኪሎኦም ሬዚስተሮች በሚሰጡት መካከለኛ ቮልቴጅ ላይ ተቀምጦ፣ ወደ ማይክሮኮንትሮለሩ ባለ 12 ቢት ኤዲሲ (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ክፍል) ይገባል፤ በየመስመሩ መጀመሪያም አንድ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ካፓሲተሩን ወደዚያው ቮልቴጅ ይመልሰዋል። ሴንሰሩ ሲሸፈን ምስሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ጥቁር ነው፤ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሲያነቡበት ግን እየጠቆረ ሄዶ ቀኝ ጠርዝ ላይ 14 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህን ለእያንዳንዱ ፒክስል ማባዣ ቁጥር በያዘ የሶፍትዌር ሠንጠረዥ አስተካክለውት ነበር፤ በግራ በኩል ሰፊ ጥቁር ጥለት ያለው ጨርቅ ሲመጣ ግን ከጥለቱ ቀጥሎ ያለው ነጭ ከልክ በላይ ይነጣል። የጠየቁኝም ሠንጠረዡ ለምን እንደማይሠራና ኤዲሲው በውስጡ ያለበት፣ ሲሞስ የሚባለው ዓይነት ሴንሰር ቢገዙ ይገላገሉ እንደሆነ ነው።

ጥለቱ ራሱ መልሱን እየነገረዎት ነው። ሌንስ የሚያመጣው ጥላ ከመሐል ወደ ሁለቱም ጠርዝ እኩል የሚወርድ ነው፤ የመብራት መዛነፍም ቢሆን ጨርቁ ምንም ዓይነት ይሁን ከቦታው አይነቃነቅም። የአንድ ፒክስል ንባብ ከእርሱ በፊት የተነበቡት ፒክስሎች ጥቁር ወይም ነጭ በመሆናቸው የሚለወጥ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከብርሃኑ ሳይሆን ከሴንሰሩ እስከ ኤዲሲው ባለው መንገድ ላይ ነው። እርግጠኛ ለመሆን የጨርቁን ግራ ግማሽ በጥቁር ይሸፍኑና ቀኝ ግማሹን ያለ ሠንጠረዡ ያንብቡት፤ ከዚያም ጥቁሩን አንሥተው ያንኑ ቦታ እንደገና ያንብቡት።

ሒሳቡም ከጻፉልኝ ቁጥር ጋር ይገጥማል። ሴንሰሩ በአንድ መስመር፣ የዳር ፒክስሎቹ ተጨምረው፣ 3694 ንባብ ያወጣል። ዋናው ክሎክ 2 ሜጋኸርዝ ሲሆን የንባቡ ፍጥነት የእርሱ ሩብ ስለሆነ አንድ መስመር 7.4 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሁለቱ ሬዚስተሮች ለካፓሲተሩ እንደ አንድ ባለ 50 ኪሎኦም ስለሚሆኑ የመፍሰሻ ጊዜው 50 ሚሊሰከንድ ነው፤ በ7.4 ሚሊሰከንድ ውስጥም የነጩ ምልክት 14 ከመቶ ያህሉን ያጣል። ሴንሰሩ ሲሸፈን ግን ምልክቱ ከመካከለኛው ቮልቴጅ ስለማይርቅ የሚፈስ ነገር የለም፤ ጥቁሩ ምስል እኩል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የመስመሩ ግማሽ ጥቁር ሲሆንም ካፓሲተሩ መፍሰስ የሚጀምረው ከመሐል ነው፤ ሠንጠረዡ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደፈሰሰ ቆጥሮ ስለሚያባዛ ቀኝ ግማሹ ከሚገባው በላይ 8 ከመቶ ገደማ ይነጣል። በነጭ ጨርቅ ላይ የተሠራ ሠንጠረዥ ይህን ስሕተት ሊያጠፋው አይችልም፤ ምክንያቱም ስሕተቱ ከእያንዳንዱ ጨርቅ ጋር ይለዋወጣል።

ሬዚስተሮቹን ማሳደግ ቀላል መፍትሔ ሊመስልዎት ይችላል። ይሁን እንጂ የሚጠፋው ምልክት ከባለ 12 ቢቱ ኤዲሲ ከአንዱ እርከን፣ ማለትም ከ4096 አንድ እጅ፣ እንዳይበልጥ ከተፈለገ የመፍሰሻ ጊዜው 30 ሰከንድ ያህል መሆን አለበት፤ ይህም በእርስዎ ካፓሲተር 30 ሜጋኦም ይጠይቃል። በዚያ መጠን ደግሞ ኤዲሲው ራሱ ሌላ መፍሰሻ ይሆናል፤ በውስጡ 5 ፒኮፋራድ ያህል የናሙና ካፓሲተር ቢኖርና በሰከንድ 500 ሺህ ጊዜ ከባዶ ቢሞላ፣ ለምልክቱ እንደ 400 ኪሎኦም ሬዚስተር ነው።

እኔ የምመክርዎት ካፓሲተሩን ጨርሶ ማውጣት ነው። የዚህ ሴንሰር ጥቁር ደረጃ 2.5 ቮልት አካባቢ ሲሆን ብርሃን ሲጨምር ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ስለዚህ መግቢያው ፌት (ጅረት የማይስብ ያህል የሆነ ትራንዚስተር) የሆነ ኦፕአምፕ፣ ማለትም የማጉያ ቺፕ፣ ይህን ደረጃ ቀንሶ፣ ገልብጦና አጉልቶ በቀጥታ ለኤዲሲው ያቀብል። ጥቁር ደረጃውን በትክክል ማወቅ የሶፍትዌሩ ሥራ ይሁን፤ ከመስመሩ የመጀመሪያ 32 ንባቦች ውስጥ 13ቱ ከብርሃን የተከለሉ ስለሆኑ፣ የእነርሱን አማካይ በየመስመሩ ወስደው ከቀሩት ፒክስሎች ይቀንሱ። በየመስመሩ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ያለ ብርሃንም የሚፈሰው የሴንሰር የጨለማ ጅረት ሙቀት በ8 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ስለሚሆን፣ በደሴ ብርድ አንድ ጊዜ ተለክቶ የተቀመጠ ጥቁር ደረጃ ለኮምቦልቻ ቀትር አያገለግልም። ካፓሲተሩን እንዳለ ለማቆየት የሚያስገድድ ምክንያት ካለዎት ወደ 0.1 ማይክሮፋራድ ይቀንሱት፣ መካከለኛውን ቮልቴጅ በማብሪያው በኩል ብቻ ይስጡት እንጂ ሬዚስተር በቋሚነት አያያይዙበት፤ ማብሪያውንም በተከለሉት ፒክስሎች ጊዜ ብቻ ያብሩት፣ ከኋላውም ያንኑ ዓይነት ኦፕአምፕ ያስገቡ። ያኔ 1 ናኖአምፔር ቢያፈስ እንኳ በመስመሩ መጨረሻ የሚጠፋው 74 ማይክሮቮልት ነው፤ የ3.3 ቮልቱ ኤዲሲ አንድ እርከን ግን 0.8 ሚሊቮልት ነው።

የኤዲሲው ማጣቀሻ ቮልቴጅ፣ ማለትም ምልክቱን የሚያመዛዝንበት ቮልቴጅ፣ ኤልኢዲዎቹን ከሚያበራው የኤሌክትሪክ መስመር መወሰድ የለበትም። ለብቻው የማጣቀሻ ቺፕ ይስጡት፤ ማጣቀሻው አንድ የምስል መስመር ሲነበብ መሐል ላይ ቢወርድ እርሱም ጥላ ሆኖ ይታያል።

የሲሞሱን ሴንሰር በተመለከተ፣ ችግሩ ቦታ ይለውጣል እንጂ በራሱ አይጠፋም። በብዙዎቹ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዓምድ አንድ አነጻጻሪና አንድ ቆጣሪ አለ፤ ለሁሉም የሚታደለው ግን አንድ ወጥ ሆኖ የሚወጣ ወይም የሚወርድ ቮልቴጅ ነው፤ ቆጣሪው የሚቆጥረውም ይህ ቮልቴጅ ከፒክስሉ ምልክት ጋር እስኪገናኝ ነው። የሚያድለው ሽቦ የራሱ ሬዚስተንስና ካፓሲተንስ ስላለው ለሩቁ ዓምድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ቆጣሪው በ500 ሜጋኸርዝ ቢቆጥር የ2 ናኖሰከንድ መዘግየት አንድ ሙሉ እርከን ነው። ንድፍ አውጪዎች ሽቦውን ያሰፉታል፣ ከሁለቱም ጫፍ ያንቀሳቅሱታል፣ ለዓምዶች ቡድን ለየብቻ ማጉያ ይሰጣሉ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ግን የፒክስሉን ባዶ ደረጃና ምልክቱን በተራ ለክቶ ማቀናነስ ነው፤ በሁለቱም ልኬት እኩል የሆነ መዘግየት እርስ በርሱ ይጠፋፋልና። ብዙ አነጻጻሪዎች በአንድ ቅጽበት ሲገለበጡ በዚያ ሽቦ ላይ የሚፈጥሩት መናወጥ ግን በምስሉ ይዘት ስለሚወሰን በመቀናነስም በሠንጠረዥም አይጠፋም። ለመግዛት ካሰቡ በጥቁርና በነጭ የተከፈለውን ጨርቅ መጀመሪያ ያሳዩት። በእጅዎ ያለው ሴንሰር ግን ለሥራዎ በቂ ስለሆነ፣ በአንድ ኦፕአምፕና በጥቂት ሬዚስተሮች ለሚስተካከል ችግር አዲስ ካሜራ እንዲገዙ አልመክርም።

ጥገናውን ሲጨርሱ አሮጌውን ሠንጠረዥ ይሰርዙት። ለሌንሱና ለመብራቱ አዲስ ሲሠሩ ኤልኢዲዎቹ በርተው በደንብ እስኪሞቁ ይጠብቁ፣ ነጩን ጨርቅ በካሜራው ሥር እያንቀሳቀሱ የብዙ መስመሮችን አማካይ ይውሰዱ፤ ካለበለዚያ የክሩ ጉንጉን ራሱ በሠንጠረዡ ውስጥ ታትሞ ይቀራል።