አባትሽ የሚረጩት ራውንዳፕ ነው ወይስ ቱ ፎር ዲ?

እኅቴ፣ አሜሪካ ሆነሽ ራውንዳፕ የተባለው ፀረ አረም ካንሰር አመጣብን የሚሉ ሰዎችን ለክስ የሚፈልጉትን የጠበቆች ማስታወቂያ በቴሌቪዥን እያየሽ፣ ጎጃም ያሉት አባትሽ ማሳቸው ላይ ፀረ አረም እንደሚረጩ ስትሰሚ መደንገጥሽ አያስገርምም። «ደውዬ ይተዉት ልበላቸው? የሚልኩልኝ ጤፍስ ይበላል ወይ?» ብለሻል። እኔ እዚያው ጎጃም ለዓመታት የልማት ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሁንም በራሴ ማሳ እረጫለሁ።

መጀመሪያ መድኃኒቱ ይለይ። ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ ራውንዳፕ፣ ማለትም ስለ ግላይፎሴት ነው። እርሱ ያገኘውን ለምለም ሁሉ ያደርቃል፤ በበቀለ ጤፍ ላይ ቢረጭ ጤፉም አይተርፍም። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሚረጨው ከመዝራት በፊት፣ ሰርዶ ያስቸገረው መሬት ላይ ነው። በበቀለው ጤፍና ስንዴ ላይ የሚረጨው አብዛኛውን ጊዜ ቱ ፎር ዲ ነው፤ ቅጠለ ሰፊውን አረም ገድሎ የሣር ወገን የሆነውን ሰብል ይተዋል። የአባትሽ ይኸኛው ከሆነ የአሜሪካው ክስ ስለ ሌላ ኬሚካል ነው።

የግላይፎሴት ክርክር ራሱ ብዙ ሰው እንደሚያወራው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 «በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት ምድብ ከተተው። በዚያው ዓመት የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ካንሰር ያመጣል ተብሎ አይታሰብም አለ፤ የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም አቋሙ ይኸው ነው። አንደኛው ወገን ዋሽቷል ብሎ መጣላት ቀላል ነው፤ ነገር ግን የመለሱት ጥያቄ ሙሉ በሙሉ አንድ አይደለም። የካንሰር ተቋሙ የጠየቀው ነገሩ ካንሰር የማምጣት ባሕርይ እንዳለው ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ግን ከዚህ በተጨማሪ ሰው በሚያገኘው መጠን ጉዳት ያደርስ እንደሆነም ጠይቀዋል። ያው ተቋም በዚያው ዓመት ቀይ ሥጋንም እዚሁ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ በዚህ ምክንያት ከቁርጥ ቤት ደንግጦ የወጣ ሰው ግን አላየሁም። ተቆጣጣሪዎቹ አምራቾች ራሳቸው ያቀረቧቸውን ያልታተሙ ጥናቶች ጭምር መመልከታቸው ግን እኔንም አያስደስተኝም።

ከክሶቹ ሁሉ ልብ ብዬ የተከታተልኩት የመጀመሪያውን፣ የድዌይን ጆንሰንን ነው። በካሊፎርኒያ የትምህርት ቤት ግቢ ሠራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የሳን ፍራንሲስኮ ዳኞች 289 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱለት፤ በይግባኝ ወደ 20.5 ሚሊዮን ወረደ። ሰውየው በምግብ የደረሰበት አልነበረም፤ ረጪ ነበር፣ መርጫው ተበላሽቶ ኬሚካሉ እላዩ ላይ እንደፈሰሰበትም ለፍርድ ቤት ተናግሯል። ለአባትሽ የምትፈሪ ከሆነ መፍራት ያለብሽ እዚህ ላይ ነው።

በገጠር የማየውን ልንገርሽ። የጀርባ መርጫው ክዳን ላልቶ ኬሚካሉ በወገብ በኩል ይንጠባጠባል፤ ረጪው ቁምጣና ሸበጥ ነው ያደረገው። ጫፉ በቆሻሻ ሲደፈን አውልቆ በአፉ ይነፋዋል። ጭራሽ ያልተበረዘውን ኬሚካል በባዶ እጁ ይለካል፤ በቆዳ ላይ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይኸው ያልተበረዘው ነው። ማታ ራሱን ሲያዞረው ወተት ይጠጣበታል። ወተት መርዝ አያወጣም! ሰውነትን በሳሙና መታጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ ካልተሻለው ከነጠርሙሱ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው ያለበት። ባዶው ጀሪካን ደግሞ ታጥቦ የውኃ መቅጃ ይሆናል። ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን መርጫው ውስጥ መጨመር፣ ከዚያም ጀሪካኑን መብሳት ነው እንጂ ቤት ማስገባት የለም። ጠርሙሱ ፓራኳት የሚባለው ሌላ ፀረ አረም ከሆነማ አንድ ጉንጭ ሰው ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም፤ አውሮፓ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ አስወጥታዋለች።

ጤፉን በተመለከተ፣ ብዪ። በሰሜን አሜሪካ ስንዴና አጃ ቶሎ እንዲደርቅ ለአጨዳ ሲቃረብ ግላይፎሴት የሚረጭበት ቦታ አለ፤ በእህሉ ላይ ቅሪት የሚገኘውም በአብዛኛው በዚህ የተነሳ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ፈቃዱን ለ10 ዓመት ሲያራዝም ይህን አጠቃቀም ከልክሏል። የአባትሽ ጤፍ የሚረጨው ገና ለጋ ሳለ ነው፤ እስኪታጨድ ብዙ ሳምንት አለው።

«ይተዉት» ማለቱ ከሩቅ ይቀላል። ጤፍ ማረም ማለት እናትሽና እኅቶችሽ ጭቃ ላይ ተንበርክከው ሲነቅሉ መዋል ነው፤ ለቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን ደግሞ እርሳቸው ያውቁታል። እኔ ተዉ አልላቸውም። ነገር ግን በየዓመቱ ቱ ፎር ዲን ብቻ የሚረጩ ከሆነ ቅጠለ ሰፊው ጠፍቶ የሣር ወገን የሆኑት ሙጃና ሲናር ማሳውን ይወርሱታል፤ አንዳንዱን ዓመት ባቄላ ወይም ሽምብራ ዘርተው በእጅ ይረሙት። ነፋስ ባለበት ሰዓትም አይርጩ፤ የጎረቤት ኑግና ባቄላ ይጨማደዳል፣ ንብ ያለው ሰውም ይጣላቸዋል።

ዛሬ ስትደውዪ ወንድምሽ የጠርሙሱን ጽሑፍና የመርጫውን ክዳን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። እዚህ ለጥፊው፤ የትኛው እንደሆነና ለአንድ ጥማድ ስንት እንደሚበቃ እነግርሻለሁ። ጓንትና ቦት ጫማ የሚሆን ገንዘብ ግን ከአሁኑ ላኪላቸው።