መጋዙን ከማንሣትዎ በፊት ከጠረጴዛው ሥር ይመልከቱ

«ያገለገለ የምግብ ጠረጴዛ ገዛሁ፤ ቁመቱ 75 ሳንቲ ሜትር ነው። ለ7 ዓመት ልጄ የጥናት ጠረጴዛ ላደርገው ነበር። እግሩን ስንት ልቁረጠው? አሮጌ ቀለሙንስ በብርጭቆ ወረቀት ልፋቀው?» ብለው ጠይቀውኛል።

ልኩን ከልጅቷ ይውሰዱ። እግሯ ወለሉን በደንብ ረግጦ ትቀመጥ፤ ትከሻዋን ሳትሰቅል ክንዷን ትጠፍ። ከወለሉ እስከ ክርኗ ያለው ቁመት፣ ቢበዛ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተጨምሮበት፣ የጠረጴዛው ከፍታ ነው። 1 ሜትር ከ20 ለምትሆን ልጅ የወንበሩ መቀመጫ 33፣ ጠረጴዛው 56 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል።

አሁን ጎንበስ ይበሉና ከሥር ያለውን አግዳሚ ይመልከቱ፤ አራቱን እግሮች ዙሪያውን የሚያያይዘውን ማለቴ ነው። የምግብ ጠረጴዛ ላይ ይህ እንጨት ብዙ ጊዜ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። የእርስዎ 11 ነው እንበል፤ የላይኛው ጣውላ ውፍረት 2.5 ሲጨመር 13.5 ሆነ። ከወንበሩ መቀመጫ እስከ ጠረጴዛው የላይኛው ገጽ ያለው 23 ብቻ ስለሆነ ለጭኗ የሚቀረው 9.5 ሳንቲ ሜትር ነው። አይበቃትም። ወይ ጭኗ ይጨነቃል፣ ወይ ወንበሯን ወደ ኋላ ስባ ጎብጣ ትጽፋለች። ጠረጴዛውን ሳይነኩ ወንበሩን ከፍ ማድረግም ይህን አይፈታውም፤ ክፍተቱ ያው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚነካው እግሩ ሳይሆን ልጅቷ የምትቀመጥበት በኩል ያለው አግዳሚ ነው። መሀሉን በቅስት ቅርጽ ቆርጠው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስቀሩለት። ወደ እግሮቹ ሲጠጋ ግን ሙሉ ስፋቱን ይተውት፤ ጠረጴዛውን ከመወዛወዝ የሚይዘው እዚያ ያለው መጋጠሚያ ነው። ከተነቃነቀ ሚስማር አይምቱበት፤ እንጨቱን ይሰነጥቃል እንጂ አያጠብቅም። ነቅለው አሮጌውን ኮላ ይፋቁ፣ አዲስ ቀብተው እስኪደርቅ በገመድ አጥብቀው ይሰሩት።

ከዚያ እግሩ። እኔ ብሆን 56 ላይ አልቆርጥም፤ 60 ላይ አቆም ነበር። ልጅ ታድጋለች፣ የተቆረጠ እግር ደግሞ መቀጠሉ አድካሚ ነው። ለጊዜው ወንበሩን በ4 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው እግሯ ሥር የዚያኑ ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ ያኑሩላት። ሲቆርጡ ጠረጴዛውን በደልዳላ ወለል ላይ ይገልብጡት። 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ነገር ላይ እርሳስ አስደግፈው አራቱንም እግሮች ዙሪያቸውን ያስምሩ። እግሩ ዘመም ያለ ቢሆንም ቁርጡ ከወለሉ ጋር ይገጥማል። እያንዳንዱን እግር ከጫፉ በሜትር መለካት ግን አያዋጣም፤ ያገለገለ ጠረጴዛ እግሮቹ እኩል የሚሆኑት አልፎ አልፎ ነው።

ቀለሙን በደረቁ አይፋቁት። የቆየ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራውም ለልጅ አእምሮ መርዝ ነው። በእሳት ማንሣቱም ያው ነው። ቀለሙ ተነባብሮ እየተቀረፈ ከሆነ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ለሌላ አገልግሎት ያውሉትና ሌላ ይፈልጉ። ጤነኛ ከሆነ ውኃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ፣ ልጅቷ በሌለችበት ትንሽ ያሻክሩት፤ ዝቃጩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን ይጣሉት። በላዩ አዲስ ቀለም ይቀቡና ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ከመኝታ ክፍሏ ውጭ ያቆዩት።