ሲንተሳይዘር ከኪት መገጣጠም፦ ጠይቁኝ

ደብረ ማርቆስ ነኝ። ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ነው የኖርኩት። ሲንተሳይዘር ኪት መገጣጠም የለመድኩት በኋላ ነው። ሲንተሳይዘር ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ ኪት ደግሞ ራሳችሁ የምትገጣጥሙት ዕቃው ነው። የላካችሁትን ጥያቄ በተራ ልመልስ።

ጋሼ፣ ኤሌክትሮኒክስ አልተማርኩም። ከምን ልጀምር? (ከፍኖተ ሰላም)

ከትልቁ አትጀምር። «አታሪ ፓንክ ኮንሶል» የሚባል ቀላል ሲንተሳይዘር አለ። ሁለት 555 አይሲ (ባለ ብዙ እግር ጥቁር ቺፕ) ወይም ሁለቱን በአንድ የያዘ 556፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ ሁለት ቮልዩም (የሚዞር መቆጣጠሪያ)፣ አንድ ስፒከር። በቃ። በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ድምፁ ቀፎው እንደተነካበት ንብ ነው።

ኪቱን ባላገኝስ?

ስፒከሩንና ቮልዩሙን ከተበላሸ ሬዲዮ ንቀል። አይሲው ብቻ ነው የሚገዛው።

መብራት እየሄደ እንዴት ይበየዳል? (ከዳንግላ)

ሲመጣ ነዋ! ሲጠፋ ሬዚስተር በላዩ ባለው የቀለም መስመር እለያለሁ። ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቀይ 1 ኪሎ ኦም ነው። ቡኒ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ ደግሞ 10 ኪሎ ኦም። በሻማ ግን ቀይና ብርቱካናማ አንድ ናቸው። ተሸውጄበታለሁ። አሁን ሁሉንም በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሳልለካ አላስገባም።

ጋሼ፣ ሁሉንም ገጠምኩ፣ ድምፅ የለም። ሌላ ልግዛ? (ከሞጣ)

ኧረ ቆዪ እህቴ! መጀመሪያ አይሲውን በጣትሽ ንኪው። ከጋለ ባትሪውን ቶሎ ንቀዪ። አይሲው ጫፍ ላይ ግማሽ ክብ ምልክት አለች፤ ቦርዱ ላይ ከተሳለችው ጋር ትግጠም። በርሜል የሚመስለው ካፓሲተር ላይ መስመር ያለበት ጎን ኔጌቲቭ ነው። ከዚያ ቦርዱን ገልብጪ። ሊዱ (የሚቀልጠው የብየዳ ሽቦ) የዕቃው እግር ሥር ተንጣሎ ከቦርዱ ጋር ከተያያዘ ደህና ነው። እንደ ጤፍ ፍሬ ድቡልቡል ብሎ ከተቀመጠ አልያዘም። መበየጃውን እግሩንም ቦርዱንም አስነክተሽ ሁለት ሰከንድ ያህል አሙቂ፣ ከዚያ ሊዱን ስጪው። ከመበየጃው ጫፍ ላይ ማንጠባጠብ አይሆንም።

የእኔ የመጀመሪያ ኪት ሦስት ቀን ዝም አለኝ። ለካ የአይሲው አንድ እግር ሶኬቱ (መቀመጫው) ውስጥ ሳይገባ ከሆዱ ሥር ታጥፏል! ከላይ ሲያዩት የገባ ነው የሚመስለው።

ጭሱ አይጎዳም?

ጭሱ የፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳው ነገር) ነው፤ መስኮት ክፈቱ። ሊዱ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል እንጀራ ከመቁረሳችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ትዝታ ይጫወታል? (ከቢቸና)

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ቮልዩም እንደ ማሲንቆ ክር ነው፤ የተከለለ ቦታ የለውም፣ በጆሮ ይፈለጋል። ሲኩዌንሰር (ያስተካከልክለትን ድምፆች በተራ የሚያስጫውት) ኪት ካለህ ግን ይቀልልሃል። ብዙዎቹ ድምፅ ሰጪ ሞጁሎች (የሲንተሳይዘር ክፍሎች) 1 ቮልት ሲጨመርላቸው አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ላይኛው ዶ) ይወጣሉ፤ ኦክታቩ 12 ግማሽ ድምፅ ስለሆነ ግማሽ ድምፅ 83 ሚሊ ቮልት ያህል ነው ማለት ነው። ለትዝታ ሜጀር አምስቱን ቮልዩም 0፣ 167፣ 333፣ 583 እና 750 ሚሊ ቮልት ላይ አቁም። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል። ቅኝቱ ይመጣል፤ የማሲንቆውን ለቅሶ ግን ከዚህ አትጠብቅ።

ቴስተር ከሌለኝስ?

እንግዲያው ኪቱን አቆየውና ቴስተር ግዛ።