የአጋዘን ማሳ፦ ስንዴ፣ አጃ ወይስ ራይ?

ጥያቄ፦
ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ማናሳስ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከባለቤቴ ወንድም ጋር ሉዊዛ ካውንቲ ውስጥ ጫካ የበዛበት መሬት ገዝተናል። መሃሉ ላይ ግማሽ ኤከር የሚሆን ገላጣ ቦታ አለ። አምና አጋዘን ይመጣልናል ብለን ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ስንዴ በተንንበት። እዚህም እዚያም ብቅ አለ፤ እሱንም ሳያድግ በሉት። ዘንድሮ ምን እንዝራ? አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ «ምን አለፋችሁ፣ በቆሎ ድፉላቸው» ይለናል።

መልስ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የበቆሎውን ነገር እንዝጋው። ቨርጂኒያ ውስጥ ቢያንስ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ጃንዋሪ የመጀመሪያው ቅዳሜ ድረስ ለአጋዘን ምግብ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ አንዳንድ ካውንቲዎች ውስጥ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ክልክል ነው። በተደፋ እህል ላይ ማደንም ክልክል ነው። ዘርተህ ያበቀልከው ግን ማሳ ነው፣ ይፈቀዳል። አንድ ክምር ላይ ብዙ አፍ ሲሰበሰብ ምራቅ ይጋራሉ። አጋዘንን እያመነመነ የሚገድለው፣ መድኃኒት የሌለው በሽታ አንዱ መተላለፊያው ይኸው ነው። እዚህ ግዛት መጀመሪያ የተገኘው በ2009 የአደን ወቅት፣ ፍሬድሪክ ካውንቲ ውስጥ ነው። እባካችሁ አትድፉ።

ዘሩን በተመለከተ ስንዴን፣ አጃንና ራይ የሚባለውን ስንዴ መሰል እህል፣ ሦስቱንም ቀላቅላችሁ ዝሩ። እኔ አርሲ ውስጥ አባቴ ስንዴ ሲዘራ እያየሁ ነው ያደግኩት። አንድ ማሳ፣ አንድ ዘር። እዚህም የመጀመሪያው ዓመት አጃ ብቻ ዘራሁ። አጃ ይጣፍጣቸዋል፤ እስከ ታንክስጊቪንግ ማታ ማታ አልተለዩትም። ዲሴምበር ላይ ሦስት ሌሊት ብርቱ ውርጭ ሲመታው ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ ተኛ። አጋዘኖቹም ሄዱ። ስንዴ ብርዱን ይችላል፤ ጸደይ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ራይ ደግሞ በመናኛ አፈር ላይም፣ ዘግይቶ ቢዘራም ይበቅላል። ሱቅ ስትገባ ግን ከረጢቱን አንብብ። ራይግራስ ሌላ ነገር ነው፣ ሳር ነው፤ አንዴ ማሳ ውስጥ ከገባ ማጥፋቱ ያስቸግራል።

ግማሽ ኤከር ከአንድ ጥማድ ትንሽ ያንሳል። ከእያንዳንዱ እህል 20 ፓውንድ፣ ከክሪምሰን ክሎቨር 5 ፓውንድ ይበቃችኋል። ክሎቨር አገር ቤት ማገጥ የምንለው ተክል ዘመድ ነው።

የአምናው ጥፋት ግን ከዘሩ አይመስለኝም። ዘግይታችኋል፣ መሬቱም አልተዘጋጀም። እንቁጣጣሽን ካከበራችሁ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ዝሩ። አገር ቤት እህሉ በሚያሸትበት ሰሞን እዚህ መዝራት መጀመሪያ ላይ ግር ብሎኝ ነበር፣ አሁን ለመድኩት። ጓሉን አለስልሱ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል በትኑ፣ እህሉን አንድ ኢንች ያህል አፈር አልብሱት። ክሎቨሩን መጨረሻ ላይ ከላይ በትናችሁ በመኪና ጎማ ሂዱበት። ዘሩና አፈሩ መጣበቅ አለባቸው።

አፈሩን ደግሞ አስመርምሩ። የጫካ ሥር ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ ኮምጣጣ ነው። የካውንቲው የእርሻ ኤክስቴንሽን ቢሮ የአፈር ናሙና መላኪያ ሳጥን ይሰጣችኋል፤ ናሙናው ብላክስበርግ፣ ቨርጂኒያ ቴክ ይላካል። የኮምጣጣነቱ መለኪያ ፒኤች ከ6 በታች ከሆነ ኖራ ያስፈልጋል። ኖራ ሥራውን የሚሠራው በወራት ስለሆነ ዛሬ ነገ አትበሉ።

አንድ ነገር ልለምንህ። የሽቦ አጥር በርሜል በሚያህል ክብ ጠቅልላችሁ ማሳው መሃል አቁሙ። እኔ ጋ ኖቬምበር ላይ ሽቦው ውስጥ ያለው ስንዴ ባቴ ይደርስ ነበር። ውጪው ሁለት ጣት አይሞላም። ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን አየሁት፤ ጫፉ የተቦጫጨቀ ነው። አጋዘን ከላይ የፊት ጥርስ ስለሌለው እየነጨ ነው የሚበላው። በቢላ እንደተቆረጠ ንጹህ ከሆነ የበላው ጥንቸል ነው። እናንተም እንዲህ ብታዩት ማን እንደበላባችሁ ታውቃላችሁ። አጋዘን ሆኖ ከተገኘና ከበዙባችሁ፣ ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ቀጭን የኤሌክትሪክ አጥር ዙሪያውን ዘርጉ። ቡቃያው ሥር ሲይዝ ታነሱታላችሁ።