ልጄ «ቆይ» ሲሉት አይሰማም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ወንዱ ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። እሁድ እሁድ ጣና ዳር እንወጣለን፤ ገና ከባጃጅ ሳንወርድ ቺፕስ ያያል፣ አይስክሬም ያያል፣ «አሁን!» ይላል። «ቆይ፣ ስንመለስ» ካልኩት መሬት ላይ ተንፈራፍሮ ሰው ይሰበስብብኛል። ባለቤቴ ቆንጠጥ አድርጊው ይላል። እናቴ ደግሞ «ምን አለበት፣ ልጅ አይደል» እያለች ከነጠላዋ ጫፍ ከረሜላ ትፈታለታለች። ማንን ልስማ?
እናት፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ስንመለስ» ያልሽው ቺፕስ ስትመለሱ ይገዛል? እውነቱን ለራስሽ ንገሪው። ብዙዎቻችን «ቆይ» የምንለው ልጁ ይረሳዋል ብለን ነው። ይመሻል፣ ባጃጅ ይገኛል፣ ልጁ ትከሻችን ላይ ያንቀላፋል፣ በዚያው ይቀራል። ጠዋት ሲነሳ ግን አልረሳም። መጠበቅ እንደማያዋጣ አንድ ጊዜ ከገባው ደግሞ ለምን ይጠብቃል? እኔና አንቺስ ብንሆን እንጠብቅ ነበር?

ይሄን ከራሴ አላመጣሁትም። በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ 28 ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ልጆቹ ሥዕል ሊሠሩ ተቀምጠው «ትንሽ ጠብቁ፣ የተሻለ ከለር እናመጣለን» ተባሉ። ለግማሾቹ መጣላቸው። ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ የለም» ተባለ። ከዚያ ማርሽማሎ የሚባለው ለስላሳ ጣፋጭ ፊታቸው ተቀመጠና፣ ሳይበሉ የጠበቁ ሁለት እንደሚያገኙ ተነገራቸው። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ። የተዋሹት ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ። ልዩነቱን ያመጣው ሰዎቹ ቃላቸውን መጠበቃቸው ነበር።

ስለዚህ ለጊዜው ትንሽ ነገር ቃል ግቢ፣ ግን ፈጽሚው። አራት ዓመት ልጅ «ስንመለስ» ወይም «በኋላ» ቢሉት መቼ እንደሆነ አይገባውም። በዓይኑ የሚያየው ነገር ስጪው። «ያ ታንኳ ዳር ሲደርስ እንገዛለን» በይው፣ ቅርብ ያለውን ታንኳ መርጠሽ። አብራችሁ እዩት፣ ሰውየው ሲቀዝፍ፣ ሸንበቆው ውኃውን ሲሰነጥቅ። ታንኳው ሲደርስ ከጓደኛሽ ጋር የያዝሽው ወሬ ቢጥምሽም አቋርጪና ተነሺ። እሱ ሳያስታውስሽ ብትነሺ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ሌላው፣ ቺፕስ ሻጩ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ታገሥ አትበይው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዋልተር ሚሸል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህን የጣፋጭ ሙከራ ሲያካሂድ ያየው ይህንን ነው፦ ጣፋጩ ሲሸፈን፣ ወይም ልጁ ደስ የሚል ሌላ ነገር ሲያስብ ብዙ ይቆያል። ዓይናቸውን የሸፈኑ፣ ለራሳቸው የዘፈኑ ልጆች ነበሩ። ራቅ በሉ፣ የውኃ ወፎችን ቁጠሩ፣ ዝፈኑ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ቡና አለልሽ፤ ከእሱ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል፣ ማንም አያጣድፈውም። ፈንዲሻው ክዳኑን እየመታ ሲፈነዳ ልጅሽ አጠገብሽ ይቁም፣ ድምፁ እስኪቆም እናዳምጥ በይው። ከዚያ ሰሃኑን ይዞ ለእማማ ያድርስ፣ ለጎረቤት ያድርስ፣ የሱን ድርሻ በመጨረሻ ይውሰድ። በልጅ እጅ ሥራ ካለ መጠበቁ ይቀለዋል። ድርሻውን ግን አስቀድመሽ ለይተሽ አስቀምጪለት፤ እንግዳ በልቶት ጨርሶ ባዶ ሰሃን እንዳይጠብቀው።

መሬት ላይ ሲንፈራፈር? አትግዢለት፣ አትቆንጥጪውም። ቁንጥጫ ከአንቺ ፊት ያስፈራዋል እንጂ መጠበቅ አያስተምረውም። አጠገቡ ቁጭ በይና ለቅሶው እስኪበርድ ጠብቂ። እዚያ ላይ የሚያሸንፈን ይሉኝታ ነው፣ «ሰው ምን ይለኛል» ብለን እንገዛና ልጁ ጮኾ ማግኘትን ይለምዳል። ሰው ይበል።

እናትሽን አትከልክያቸው፣ ይከፋቸዋል። «እማ፣ ከረሜላውን ከምሳ በኋላ ስጪልኝ» በያቸው፤ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ከሆነ እሳቸውም አስተማሪ ሆኑ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ልጄ ካልታገሠ የወደፊት ሕይወቱ ተበላሸ ብለሽ እንዳትጨነቂ። በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ 900 በሚጠጉ ልጆች ላይ የወጣ ጥናት፣ ጣፋጩን መጠበቅ ልጁ ካደገ በኋላ ከሚያገኘው ውጤት ጋር ያለው ግንኙነት የቤተሰብ ኑሮና የቤት ሁኔታ ሲታሰብ በጣም እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ጥያቄ፦ ጎንደር ነው የምሠራው። ባሕር ዳር ላለው የሰባት ዓመት ልጄ ለእንቁጣጣሽ ሳይክል ቃል ገብቼለታለሁ፣ ግን አልደረሰልኝም። ምን ልበለው?
አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ደውልና እውነቱን ንገረው። «ብሩ አልሞላም» በለው፤ ሰባት ዓመት ልጅ ይህ ይገባዋል። ሌላ ቀን ግን አትጥቀስ፣ እርግጠኛ ካልሆንክ። ብሩ የሚታይበት ጠርሙስ ቤት ይቀመጥ፣ በመጣህ ቁጥር አብራችሁ ጨምሩበት፣ ቁጠሩት። እስከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ የኪራይ ሳይክል ይንዳ፣ ባሕር ዳር ላይ ሳይክል አይጠፋም። ፍሬኑን ግን አዋቂ ይፈትሽለት።