መልስ፦ ራሱን ስቶ ለመጣ ሰው ለምን መጀመሪያ ስኳር ይለካል?

ሰላም ወንድሜ። አጎትህ ራሳቸውን ስተው ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ፣ ሲቲ ስካን ሳይነሱ ጣታቸው ተወግቶ ስኳር መለካቱ ግራ አጋብቶህ ጠይቀሃል። ሐኪሞቹ ያደረጉት ትክክል ነው።

የደም ስኳር ማነስ ኮማ ውስጥ ይከታል። ግን ከ1 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይታወቃል፤ በደም ሥር ግሉኮስ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ሰውየው እዚያው ይነቃል። ከቆየ አንጎልን ይጎዳል። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር ኪኒኖች ወስዶ ምግብ የዘለለ ሰው በተለይ ያሰጋል፤ ጾም ላይ ይሄ በደንብ ይታሰብበት። አንዳንዴ አንድ ጎን ስለሚያሰንፍ ስትሮክም ይመስላል። ስኳር በጣም ሲጨምርም ኮማ አለ። እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ፣ ከውሃ ጥምና ከሽንት መብዛት በኋላ ነው የሚመጣው።

ሌላው ራስን የሚያስት ምክንያት የጭንቅላት ጉዳት፣ የአንጎል ደም መፍሰስ፣ የሚጥል በሽታ፣ የኩላሊትና የጉበት መድከም ነው። ትኩሳት ካለ ማጅራት ገትር ይጠረጠራል፤ ከቆላ ለመጣ ሰው ደግሞ ወባ። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎችም እንዲሁ ራሳቸውን ስተው ይመጣሉ። የተባይ ማጥፊያ የጠጣ ሰው ብዙ ጊዜ ምራቁ ይዝረበረባል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል። ይህን ቶሎ መለየት ሕይወት ያተርፋል።

አደራ፣ ራሱን ለሳተ ሰው ስኳር ውሃ በአፉ አታፍሱ፤ ሳንባው ይገባል። አደጋ ካልደረሰበትና ከተነፈሰ በጎኑ አስተኙት። የሚወስደውን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ።